ከማትሪክ በፊት ያለችው ሳምንት

በሰኔ ማለቂያ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ከሩቅ ይታወቃል። ታናናሾቹ እንዳይሮጡ ይገሠጻሉ። ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤት በሹክሹክታ ያወራል። «ሬዲዮኑን ቀንሱት፣ ልጁ እያጠና ነው» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። ይህም ዝግጅት በዚህ ሰዓት በስንት ቤት እንደተቀነሰ መገመት አያስቸግርም።

ልጁ ግን እውነት እያጠና ነው? መጽሐፉ ተገልጧል፣ ገጹ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል፣ ዓይኑም ከመስመር መስመር ይሄዳል። ከፊቱ ያለውን አንቀጽ ዘንድሮ ብቻ አምስት ጊዜ አንብቦታል። ስድስተኛውን ሲያነብ «ይህንን አውቀዋለሁ» ይላል፣ ገጹን ይገልጣል። መጽሐፉን ዘግቶ ያንኑ አንቀጽ ንገረን ቢባል ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የሚሄድ አይመስልም። የመጨረሻዋ ሳምንት የምትባክነው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ስንፍና ሳይኖር፣ ከሌሊት እስከ ሌሊት እየተለፋ።

ስለ ሳምንቷ ከመነጋገር በፊት ከፊት ያለውን ፈተና ማየት ይገባል። ስሙ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «ማትሪክ» ነው የሚለው፣ ተማሪዎቹ ደግሞ «ኢንትራንስ»። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ፤ ፈተናው ተቋርጦ በዚያው ክረምት እንደገና ተሰጠ። በተከታዮቹ ዓመታት የፈተና ሰሞን ሲመጣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ታየ። የሚሰረቅ ፈተና፣ የሚሠራጭ መልስ፣ በቡድን የሚደረግ ኩረጃ መነጋገሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተወሰነ። የመጀመሪያው ዙር መስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጀመረ።

ውጤቱ ሲነገር አገር ደነገጠ። ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ አለ። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሳምንት ጥናት የሚለውጥ ብልሃት የለም። ያልተማሩት ትምህርት፣ ያልደረሰ መጽሐፍ፣ በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት በሰባት ቀን አይካካስም፤ ይካካሳል የሚል ሰው ካለ የሚሸጠው ነገር አለው ማለት ነው። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ የለፋ ተማሪ የያዘውን ይዞ እንዲገባ ወይም በመንገድ ላይ እንዲያፈስሰው የምታደርገው ይህቺው ሳምንት ናት።

እንግዲህ ወደ ተዘጋው መጽሐፍ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች አስነበቡ። አንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት አደረጉ። ሌላውን ግን አንድ ጊዜ ካነበቡት በኋላ ወረቀቱ ተወሰደባቸውና የሚያስታውሱትን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ድጋሚ የተነበበው አሸነፈ፤ 81 ከመቶውን አስታወሱ፣ የተጻፈውን ግን 75። ከሁለት ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ድጋሚ የተነበበው ወደ 54 ሲወርድ በባዶ ወረቀት የተሞከረው 68 ላይ ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ 42 ለ56 ሆነ።

ሁለት ጊዜ ማንበብ ወዲያው ሲያዩት ይረዳል፤ ሳምንት ሲያልፍ ግን ይከዳል። ተማሪው «አውቀዋለሁ» የሚለው በአምስተኛዋ ደቂቃ ላይ ቆሞ ነው፤ ፈተናው የሚመጣው በሰባተኛው ቀን ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለመስማት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። ውዳሴ ማርያም በቃል ይያዝ የነበረው ማታ፣ ፊደል በማይታይበት ጨለማ ነው። የኔታ ይላሉ፣ ልጁ ይከተላል፤ በማግስቱ የትናንቱን በቃሉ ሳያሰማ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ አንዲት ፊደል ብትዘለል እዚያው ላይ ይይዙታል። በቁርኣን ቤትም ሒፍዝ የሚይዘው ልጅ ከኡስታዙ ፊት ተቀምጦ የያዘውን በቃሉ ያሰማል፤ የቆየውንም እየተመለሰ ይደግማል። ሁለቱም ዘንድ መጽሐፉን አፍጥጦ ማየት እንደ ጥናት አይቆጠርም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት «ሽምደዳ» ብሎ ሲተወው፣ ሊወስደው የሚገባውንም ክፍል አብሮ የጣለው ይመስላል።

ሽምደዳ የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ የፊዚክስ ጥያቄ እንደ ዳዊት አይደገምም። ነገር ግን የፊዚክስ ተማሪም መጽሐፉን ዘግቶ መሞከር ይችላል። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከፍታው ስንት ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ፣ መፍትሔውን ከጎን ሳያይ፣ ቀመሩን ራሱ አስታውሶ፣ አሃዱን ሳይረሳ እስከ መጨረሻው ይሥራው። የባዮሎጂ ተማሪ የሕዋስ ክፍፍልን ደረጃዎች በባዶ ወረቀት ላይ ይሳል። የጂኦግራፊ ተማሪ የካርታ ስኬል ጥያቄ ለራሱ ያውጣ፤ በካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ርቀት በ1 ለ50,000 ስኬል መሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር መሆኑን መጽሐፍ ሳይገልጥ ያስላ። የታሪክ ተማሪ ከዓድዋ በፊት የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ለምን እንዳጣላ ለታናሽ እኅቱ ያስረዳት። ታናሽ እኅት «አልገባኝም» ስትል እንደሷ ጥብቅ ፈታኝ የለም።

ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ለዚህ ሥራ እንደ ወርቅ ናቸው፤ ግን አያያዛቸው ይበላሻል። ብዙ ተማሪ ጥያቄውን ያነብና ወዲያው መልሱን ከጀርባ ያያል፤ «ልክ ነው፣ ሲ ነው» ይልና ያልፋል። ያ ማንበብ እንጂ መሥራት አይባልም። ወረቀቱ ሰዓት ተይዞለት፣ ስልክ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራ። ከዚያ የተሳሳቱት ጥያቄዎች ብቻ በአንድ ደብተር ይሰብሰቡ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ስሕተቱ የመጣው ከየት እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፍ። አላውቀውም ነበር? አውቄው ጥያቄውን በችኮላ አነበብኩ? «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን «የሚሆነው» ብዬ አየሁ? በሳምንቷ መጨረሻ ከዓመቱ ደብተሮች ሁሉ ይህ ስስ ደብተር ይበልጣል። በሻንጣ ለመያዝም ይቀላል፤ መንገድ አለና።

ስለ ነጥብ ሒሳብም ትንሽ መናገር ይጠቅማል። ባለፉት ዓመታት አሠራር የትምህርቶቹ ውጤት ይደመራል፤ ማለፊያውም የጠቅላላው ግማሽ ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት ለየብቻ 50 ማምጣት አይጠየቅም፤ ድምሩ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከ30 ወደ 40 የወጣ ትምህርት ከ80 ወደ 90 ከወጣው ጋር እኩል አሥር ነጥብ ይጨምራል፤ የፊተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀለው ነው። ተማሪ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። በመጨረሻዋ ሳምንት የሚወደውን ትምህርት ደጋግሞ ያነባል፣ ምክንያቱም ያጽናናዋል። ወይም ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያልነካውን፣ የሚያስፈራውን ምዕራፍ ከዜሮ ይጀምርና ሦስት ቀን ይሰምጥበታል። ትርፍ ያለው በመካከል ነው፤ ገብቶት ግን የሚምታታበት፣ ቀመሩን የሚያውቀው ግን መቼ እንደሚጠቀምበት የሚጠፋው ርዕስ። እዚያ ላይ የዋለ ሁለት ሰዓት ነጥብ ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ እንቅልፍ። በዚህ ጉዳይ ላይ ወላጅም፣ መምህርም፣ ተማሪም የሚስቱት ነገር አለ፤ የማይተኛ ተማሪ ጎበዝ ነው የሚል እምነት።

ሌሊቱን በጥናት የሚያነጋ ልጅ ሲያድር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ፒልቸር እና ዋልተርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ 44 የኮሌጅ ተማሪዎችን ከሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ ሌሊቱን ተኙ፣ ግማሾቹ ለ24 ሰዓት ነቅተው ቆዩ። ከዚያ የማገናዘብ ችሎታን የሚለካ ፈተና ተሰጣቸው። ያልተኙት ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚያስገርመው የተከተለው ነው። እንዴት ሠራችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከተኙት ይልቅ ያልተኙት ጥሩ እንደሠሩና በደንብ እንዳተኮሩ ተናገሩ። እንቅልፍ ያጣ ሰው አእምሮው መድከሙን የሚለካበት ሚዛንም አብሮ ይደክማል። «ሳልተኛ ይሻለኛል» የሚል ተፈታኝ ሲገጥም ምስክርነቱን ማመን የማይገባው ለዚህ ነው።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ጄንኪንስ እና ዳለንባክ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት ያስጠኗቸው ሰዎች ተኝተው ሲነሡ ያስታወሱት፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። ማታ የተጠና ነገር በእንቅልፍ ጊዜ ይረጋል። ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚገለጠው ገጽ፣ ቀን የተጠኑትን አሥር ገጾች ማረፊያ ሊነሣቸው ይችላል።

ቡናውስ? ከቡና ጋር ጠብ የለም፤ ሰዓቱን ማወቅ ግን ደግ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ማታ ሦስት ሰዓት ላይም ግማሹ ደም ውስጥ አለ። ጫት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በፈተና ሰሞን ጫት ቅሞ ማንጋት በብዙ ከተሞች የታወቀ ነው። ሲቅሙት ሁሉም ነገር የገባ፣ ሁሉም የተያዘ ይመስላል፤ ከዚያ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋትና የማግስቱ ድብርት ግን ከፈተናው አዳራሽ ጋር ይገጥማል። ለሌላ ጊዜ የሚነሣ ክርክር ካለ ይነሣ፤ በዚህች ሳምንት ግን ለተፈታኝ የሚሆን ነገር የለውም።

ሌሊት አጥንቶ ቀን መተኛት የለመደ ተማሪ ሌላም ችግር አለበት። ፈተናው ጠዋት ነው። ሰውነቱ በጠዋት የእንቅልፍ ሰዓቱ ላይ ነው። ይህን ልማድ በአንድ ሌሊት መመለስ አይቻልም፤ ከሳምንቷ መጀመሪያ አንሥቶ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ቀደም ብሎ መተኛት፣ በጠዋት ተነሥቶ ከባዱን ጥያቄ ልክ ፈተናው በሚጀመርበት ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል።

ስለ ምግብ ብዙ አይባልም፤ ቤተሰብ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ሲውል ለኦርቶዶክስ ተማሪዎች የሐዋርያት ጾም ውስጥ ይገባል፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። እስከ ቀትር የሚጾም ልጅ ካለ ከንስሐ አባት ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል እንጂ በፈተናው ጠዋት በር ላይ ቆሞ መከራከር አይገባም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጨረሻዋ ሳምንት ሁለት ቦታ ተከፍላለች፤ ግማሿ በቤት፣ ግማሿ በካምፓስ። ተፈታኙ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ያድራል። በአምስት ሰዓት መብራት ይጥፋ የሚል አለ፤ እስኪነጋ ጮክ ብሎ የሚያነብም አለ። ካፌው ወረፋ አለው። ደብረ ብርሃን የተመደበ ልጅ በሐምሌ ብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ሰመራ የተመደበው ደግሞ ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሣዋል። እናቶች በሶና ቆሎ የሚቋጥሩት ለልማድ ያህል ብቻ አይደለም፤ ሆድ የለመደው ስንቅ በባዕድ ቦታ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ ምግብ የሚሞከርበት ሳምንት ግን አይደለችም።

ስለዚህ የሻንጣው ነገር እስከ መሄጃው ጠዋት መቆየት የለበትም። አድሚሽን ካርድና መታወቂያ በአንድ ፕላስቲክ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው። ሁለት ሦስት የተቀረጸ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ለስላሳ ላጲስ። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ የሚያሸልብ ጎረቤት ቢያንኮራፋ ጆሮ የሚከደንበት ጥጥ። መድኃኒት የሚወስድ ካለ መድኃኒቱ። ስልክ ወደ ግቢው አይገባም፤ ደብቆ ለማስገባት የሞከረ ተማሪ አራት ዓመት የለፋበትን ለአንድ ዕቃ ያስይዛል። ሰዓቱን በስልክ ብቻ ማየት የለመደ ልጅ፣ ስልኩ ሲወሰድበት ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ መገመት ይጠፋዋል። ቤት ሳለ በግድግዳ ሰዓት መለማመድ ቀላል መድኃኒት ነው። በኮምፒውተር የሚፈተኑት ደግሞ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ የሚፈተኑ አሉና፣ የሙከራ ልምምድ በተሰጣቸው ጊዜ እንደ ጨዋታ ማየት የለባቸውም፤ ማውሱን የማያውቅ እጅ የሚያውቀውን ጥያቄ ያዘገያል።

በዚህች ሳምንት የሚገበያይ ሌላም ነገር አለ። በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና እጄ ገብቷል» የሚሉ ቻናሎች እንደ ክረምት እንጉዳይ ይፈላሉ። አንዳንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሰው እንዲበዛለት ብቻ ይፈልጋል። የሚለጥፉት ብዙውን ጊዜ የቆየ የሞዴል ፈተና ሽፋኑን ቀይሮ ነው። ጉዳቱ ከብሩም ይበልጣል፤ መልሱን የሸመደደ ልጅ አዳራሽ ገብቶ ሌላ ጥያቄ ሲያይ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ከሳምንቷ መጀመሪያ እነዚህን ቻናሎች መዝጋት ሦስት ምዕራፍ እንደማጥናት ያህል ይጠቅማል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደግሞ ፍርሃት አለ። ሆድ የሚያገላብጥ፣ እጅ የሚያልብ፣ የሚያውቁትን የሚያስረሳ ፍርሃት። ራሚሬዝ እና ቤይሎክ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን በወረቀት ላይ እንዲጽፉ የተደረጉ ፈሪ ተማሪዎች የተሻለ እንደሠሩ አሳይተዋል። በኋላ የተሞከረበት ቦታ ሁሉ ይኸው ውጤት አልተገኘም፤ ግን እርሳስና ወረቀት ብቻ ስለሚጠይቅ ሞክሮ የሚጎዳ የለም። የሚጻፈው ዶርም ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ ወረቀቱ እዚያው ይቅር። ኪስ ውስጥ የተረሳ ማንኛውም ጽሑፍ በፈታኝ ዓይን ኩረጃ ነው፤ «ፍርሃቴን የጻፍኩበት ነው» የሚለውን ማስረዳት ደግሞ ከፈተናው ይከብዳል።

ወላጅ በዚህ ላይ ጭነት ይጨምራል፤ ክፋት አስቦ ሳይሆን። «ጎረቤት ፊት እንዳታሳፍረኝ»፣ «የስንት ዓመት ልፋቴ ባንተ እጅ ነው»፣ «የእገሌ ልጅ ስንት እንዳመጣች ታውቃለህ?» የሚሉት ቃላት ልጁን አያበረቱትም። ማትሪክ ያላለፈ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ቤተሰቡ በእርጋታ ቢያውቅ ቃሉም ይለዝባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያውን ላላገኙ፣ በውጤታቸው ለተመረጡ ተማሪዎች ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ቆይቷል። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም አለ። የቴክኒክና ሙያ በርም አልተዘጋም። እነዚህን ለልጁ ከፈተናው በፊት መናገር ስንፍና ያስተምራል የሚሉ አሉ። እስካሁን በዚህች ሳምንት በፍርሃት የተሻለ ያጠና ልጅ ግን ብዙ አልታየም።

ወደ አዳራሹ ሲገባ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ነጥብ ይበላሉ። አንደኛው መደዳ መሳት ነው። ተማሪው 17ኛውን ጥያቄ ከበደውና ዘለለው፤ የ18ኛውን መልስ ግን በ17ኛው ቦታ አጠቆረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተንሸራተተ። ማሽኑ ይቅርታ አያውቅም። በየአሥሩ ጥያቄ ቆም ብሎ የጥያቄውንና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር ማስተያየት አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ሁለተኛው ከአያት ጀምሮ የሚነገር ምክር ነው፦ «የመጀመሪያ መልስህን አትቀይር።» ክሩገር እና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የ1,561 ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ይዘው በላጲስ የጠፋውን ሁሉ መረመሩ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከተቀየሩት መልሶች 51 ከመቶው ከስሕተት ወደ ልክ የተቀየሩ ነበሩ። ከልክ ወደ ስሕተት የሄዱት 25 ከመቶ ብቻ። ቀሪዎቹ ከስሕተት ወደ ሌላ ስሕተት። ታዲያ ምክሩ ለምን ኖረ? ልክ የነበረውን አጥፍቶ የተሳሳተ ሰው ያን ቁጭት አይረሳውም፤ ዓመት ሙሉ ይናገረዋል። ቀይሮ ያገኘው ግን ቀይሬ ነበር ብሎ አያስታውስም። ምክንያት ያገኘ ተማሪ ይቀይር፤ ዝም ብሎ የፈራ አይቀይር።

የፈተናው መመሪያ ሲነበብ ደግሞ ማዳመጥ ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ፣ ከአራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በግምት የተጠቆረ መልስ ከአራት አንድ ዕድል አለው፤ ሁለቱን ምርጫ ማስወገድ የቻለ ከሁለት አንድ አለው። ባዶ የተተወ ቦታ ምንም የለውም።

ከመጀመሪያው ቀን ፈተና ሲወጡ ደጁ ላይ ያው ጉባኤ ይጀመራል፤ «ቁጥር 23 ምን አልከው?» «ቢ።» «እኔ ዲ ብያለሁ!» በዚህ ጉባኤ የተሰረዘ ስሕተት የለም፤ የማግስቱ ፈተና ግን በዚያ ምሽት ይበላሻል። ዶርም ገብቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ስሷን ደብተር ለአንድ ሰዓት አይቶ መተኛት ነው።

ተፈታኝ ያለበት ቤት ይህን እየሰማ ከሆነ ዛሬ ማታ አንድ ሥራ አለው። አድሚሽን ካርዱን አውጡት። ስሙ፣ የአባት ስሙና የአያት ስሙ ከመታወቂያው ጋር መግጠሙን፣ ፎቶው የእሱ መሆኑን፣ የትምህርት ዘርፉ ሶሻል ወይም ናቹራል ተብሎ በትክክል መጻፉን አብራችሁ ተመልከቱ። ስሕተት ካለ ነገ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አስታውቁ፤ አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።